የጦና ንቦች እንጀራ፦ እግር ኳስ በወላይታ እንደ ሙያ

እግር ኳስ በኢትዮጵያ «ጨዋታ» የሚለውን ስም ይዞ ስለ ኖረ፣ ኳስ እየተጫወተ የሚያድር ሰው ሠራተኛ መሆኑ፣ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ አሠሪ፣ ውል፣ ደመወዝ፣ ግብርና የእርጅና ጥያቄ ያለበት መሆኑ ከተመልካቹ ዓይን ተሰውሮ ይኖራል። ቋንቋውም ለዚህ መሰወር የራሱን ድርሻ አበርክቷል፤ በአገሪቱ የስፖርት ወሬ «ፕሮፌሽናል» የሚባለው ባሕር ተሻግሮ ለውጭ ክለብ የፈረመ ተጫዋች ሲሆን፣ አገር ውስጥ የሚጫወተው ምንም ያህል ቢከፈለው «የክለብ ተጫዋች» ከመባል አያልፍም። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊፋ፣ በተጫዋቾች ዝውውር ደንቡ የሚሰጠው ፍቺ ግን ከዚህ የተለየና ቀላል ነው፦ ከክለብ ጋር የጽሑፍ ውል ያለውና ለመጫወት ከሚያወጣው ወጪ በላይ የሚከፈለው ተጫዋች ሁሉ ፕሮፌሽናል ነው። በዚህ ፍቺ ከተሄደ ፕሮፌሽናል ለማየት ካይሮ ወይም ጆሃንስበርግ ድረስ መጓዝ አያስፈልግም፤ ወላይታ ሶዶ ይበቃል።

ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች የወላይታ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ዞኑ በኢትዮጵያ ገጠሮች ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ፣ የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል የሚተርፈው ቁራጭ ቤተሰብ የማያስተዳድር ይሆናል፤ ወጣቱም አንዱ በትምህርት፣ ሌላው በንግድ፣ ሌላው ደግሞ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ሄዶ ጫማ በመጥረግና በቀን ሥራ ኑሮውን ይፈልጋል። ይህ ነገር በኳስ ጽሑፍ ውስጥ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ኳስ እዚያው በተወለዱበት ዞን ሳሉ ደመወዝ ሊያስገኙ ከሚችሉ ጥቂት ሙያዎች አንዱ ሆኖ ስለ መጣ፣ የወላይታ ልጅ ለኳስ ያለውን ስሜት «ፍቅር» ብቻ ብሎ ማለፍ ጉዳዩን ማሳነስ ነው።

የዞኑ ስም በአገሪቱ ፕሪሚየር ሊግ መሰማት የጀመረው ዛሬ ሁሉም በሚያውቀው ክለብ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ወላይታ ቱሳ የተባለው ቡድን ከትልልቆቹ ክለቦች ጋር ተሰልፎ ተጫውቷል። ሙያውን በዞኑ መሬት ያስያዘው ግን በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው ወላይታ ድቻ ነው። ደጋፊዎቹ ቡድኑን «የጦና ንቦች» ይሉታል፤ ጦና የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ፣ በወላይትኛ ማዕረጉ «ካዎ» የተባለው ገዥ ሲሆን፣ በ1887 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግቶ የተማረከ ነው። ንቡ ደግሞ በአንድነት የሚሠራና በአንድነት የሚናደፍ ነው። ስያሜው ለክለብ ቅጽል ስም ሆኖ ሲታይ እንዲያው ደማቅ ጌጥ ይመስላል፤ ሆኖም ከአንድ ወር ደመወዝ በላይ የሆነ ሸክም በተጫዋቹ ትከሻ ላይ ይጭናል፤ ምክንያቱም ማሊያውን የለበሰ ልጅ የክለብ ተቀጣሪ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ስም ተሸካሚ ተደርጎ ይቆጠራል፣ ሲያሸንፍ የሚወደሰውም ሲሸነፍ የሚወቀሰውም በዚሁ ሚዛን ነው።

የተጫዋቹ መንገድ የሚጀምረው እንደ አገሩ ሁሉ በጨርቅ ኳስ ነው፤ አሮጌ ካልሲ በጨርቅና በላስቲክ ተጠቅጥቆ በሲባጎ ይታሰራል፣ ድንጋይ ጎል ይሆናል፣ ሜዳውም መንገድ ወይም የታጨደ ማሳ ነው። ከዚያ የትምህርት ቤት ውድድር፣ የቀበሌና የወረዳ ቡድን፣ በክረምት የሚደረጉ የሰፈር ዋንጫዎች ይከተላሉ፤ አሰልጣኝ የሚያይበት ቦታም በአብዛኛው ይኸው ነው። ታዳጊዎችን በዕድሜ ሰብስቦ የሚያሠለጥነው መርሐ ግብር በኳሱ ሰው አፍ «ፕሮጀክት» ይባላል፤ ከፕሮጀክት የተረፈው ወደ ክለቡ «ተስፋ ቡድን»፣ ማለትም ለዋናው ቡድን ተተኪ ወደሚዘጋጅበት ቡድን ይገባል። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ቤተሰቡ የሚያወጣው ወጪ በስም ሲጠራ ትንሽ ይመስላል፤ ታኬታ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ትንሽ የሚበልጥ ምግብ። ነገር ግን ታኬታ፣ ማለትም ከታች ጥርስ ያለው የኳስ ጫማ፣ በድንጋያማ ሜዳ ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ ኳስ ከያዘ አንዱን ጫማ በየተራ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ለአንዱ የሚሰፋው ለሌላው ስለሚጠብ ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ በማይለካው ጫማ ይጫወታል።

ከተስፋ ቡድን ወደ ዋናው ቡድን የሚያሻግረው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ የሚጫወትበት ቦታም ነው። ይህን ለመረዳት ከእግር ኳስ ወጣ ብሎ የአሜሪካኖችን ፉትቦል ማየት ይጠቅማል፤ በዚያ ጨዋታ ያለ አንድ ቦታ ጉዳዩን ከየትኛውም ምሳሌ ይልቅ አጉልቶ ያሳያልና። የአሜሪካን ፉትቦል በሞላላ ኳስ፣ በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ተሰልፎ የሚደረግ የመሬት ማስለቀቅ ጨዋታ ሲሆን፣ አጥቂው ወገን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል ወደፊት ካልገፋ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ከኳሱ ፊት ለፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች ግንብ ሆነው ይቆማሉ፤ ከግንቡ ጫፍ ተጠግቶ የሚቆመው ተጫዋች «ታይት ኤንድ» ይባላል። ይህ ሰው ሁለት ሥራ አለበት። በአንዱ ቅጽበት ከእርሱ የሚከብድን ተከላካይ በትከሻው ገፍቶ ለሯጩ መንገድ ይከፍታል፤ በሚቀጥለው ቅጽበት ራሱ ወደፊት ሮጦ የተወረወረለትን ኳስ ይቀልባል። ሁለተኛው ሥራ በመዝገብ ይቆጠራል፣ ጋዜጣም ይጽፈዋል፤ የመጀመሪያው ግን፣ ያለ እርሱ ቡድኑ አንድ እርምጃ የማይሄድ ቢሆንም፣ በአብዛኛው ስም አይወጣለትም።

በ2014 እ.ኤ.አ. ይህ ጉዳይ እስከ ግልግል ዳኝነት ደርሶ ነበር። የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ታይት ኤንድ የነበረው ጂሚ ግራሃም ውሉ ሲያበቃ ክለቡ በሊጉ ደንብ መሠረት ለአንድ ዓመት አስገድዶ የማቆየት መብቱን ተጠቀመ፤ በዚህ መብት የሚከፈለው ገንዘብ በተጫዋቹ ቦታ ከፍተኛ ተከፋይ የሆኑትን በማስላት የሚወሰን በመሆኑ፣ ግራሃም «ታይት ኤንድ» ከተባለ ከ7 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ፣ «ቀላቢ» ከተባለ ደግሞ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኝ ነበር። ግራሃም ከግንቡ ርቄ የምቆምበት ጊዜ ስለሚበዛ ቀላቢ ነኝ ብሎ ተከራከረ፤ የሕግ ምሁሩ ስቴፈን በርባንክ ግን ተጫዋቹ የቆመባቸውን ቦታዎች ከግንቡ ያላቸውን ርቀት በያርድ አስልቶ ታይት ኤንድ ነው ሲል ወሰነ። ግራሃም ከዚያ በኋላ በድርድር የ40 ሚሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ውል ተፈራርሟልና አልተጎዳም። ሆኖም ያው ሰው፣ ያው ጉልበት፣ ያው ኳስ ሆኖ ሳለ የቦታው ስም ብቻ አምስት ሚሊዮን ዶላር ሲያነሣና ሲጥል ታይቷል።

በወላይታ ድቻም ሆነ በሌላ የኢትዮጵያ ክለብ የታይት ኤንድ አቻ ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው አማካይ ነው፤ የተጋጣሚን ማጥቃት የሚያቋርጠው፣ የተከላካዩን ክፍተት የሚሸፍነው፣ ኳሱንም ነጥቆ ለፈጣሪው አማካይ የሚያቀብለው እርሱ ነው። ጎል አያገባም፣ በወጣትነቱ በሰፈር ዋንጫ «ኮከብ» ተብሎ አይሸለምም፤ በዝውውር ወቅት ግን አሰልጣኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ሰው ነው። ተመልካቹ በዚህ ነገር ከአሰልጣኙ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል፤ የሰፈር ሜዳ ልጆች ሁሉ አጥቂ ለመሆን የሚሽቀዳደሙትም ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ለአጥቂ ስለሆነ ነው።

ክለብ የገባ ተጫዋች ሙያው በአራት ነገር ይታሰራል፤ እነርሱም ፊርማ፣ ደመወዝ፣ የውል ዘመንና መልቀቂያ ናቸው። «ፊርማ» የሚባለው ውል ሲገባ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ሲሆን፣ ለብዙ ወጣት ተጫዋች ቤተሰቡን ቤት የሚያሠራው ወይም ለወንድሙ ንግድ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፤ ወርሃዊው ደመወዝ ኑሮውን ይሸፍናል። መልቀቂያ ደግሞ ክለቡ ተጫዋቹን የማይፈልገው ወይም በስምምነት የተለያየው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ያለዚህ ደብዳቤ ውሉ ያላለቀ ተጫዋች ሌላ ክለብ ሊመዘገብ አይችልም። በፊፋ ደንብ የአንድ ውል ዘመን ከአምስት ዓመት፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ተጫዋች ደግሞ ከሦስት ዓመት መብለጥ የለበትም። በኢትዮጵያ የተለመደው ግን የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ነው፤ ይህም ክረምት በመጣ ቁጥር ግማሽ ቡድን ተበትኖ ግማሽ ቡድን እንዲገጣጠም፣ ተጫዋቹም ሁለት ዓመት በአንድ ከተማ ቆይቶ ልጆቹን በአንድ ትምህርት ቤት ማስተማር እስኪያቅተው ድረስ እንዲዘዋወር አድርጎታል።

ደመወዙን በተመለከተ የአገሪቱ ክለቦች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በከተማ፣ በዞንና በክልል አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው፤ የደጋፊ መዋጮ፣ የስፖንሰርና የመግቢያ ገቢ ከዚያ በጀት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ክለቦቹ ተጫዋች ለመውሰድ እየተሻሙ ክፍያውን ካናሩት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ጋር ሆነው የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጁ። ይህ ቁጥር በሜዳ ወሬ ውስጥ ትልቅ ይመስል ነበር። ግብር ሳይቀነስ 50,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ግን በጊዜው በነበረው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከ10,900 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ስለሚቆረጥበት፣ 16,000 ብር ግብር ከፍሎ 34,000 ብር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ጣሪያው ላይ የደረሰው ደግሞ ጥቂቱ ነበር። የቀረው ተጫዋች ከዚያ በታች እየተከፈለው፣ ሙያው በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ እንደሚያልቅ እያወቀ ይኖር ነበር። ጣሪያው የሕዝብን ገንዘብ ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑ ትክክል ነው፤ ዳሩ ግን የገበያ ፉክክር ባለበት ቦታ ደመወዝን ብቻ መገደብ ክፍያውን ወደ ሌላ ስም እንደሚያሸጋግረው አስቀድሞ መገመት ይቻል ነበር።

የድቻ ታሪክ የዚህ ሁሉ ነገር ማሳያ ነው። ክለቡ በአሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ እየተመራ በ2005 ዓ.ም. ከብሔራዊ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የፕሪሚየር ሊግ ኑሮው ብዙዎች እንደ ገመቱት የአንድ ዓመት እንግድነት ሆኖ አልቀረም። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዋንጫን አሸነፈ። ይህ ዋንጫ ከሊጉ የተለየ፣ ክለቦች በጥሎ ማለፍ የሚገናኙበት ውድድር ሲሆን፣ አሸናፊው በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አገሩን ይወክላል፤ ከተቋቋመ አሥር ዓመት ያልሞላው የዞን ክለብም በዚህ በር ወደ አህጉሩ ወጣ።

በ2010 ዓ.ም. የሆነው ነገር ቀስ ተብሎ ሊነገር ይገባዋል። በመጀመሪያው ዙር የዛንዚባሩን ዚማሞቶ፣ እዚያ 1 ለ 1 ወጥቶ፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። ቀጥሎ የደረሰው የግብፁ ዛማሌክ ነበር፤ የአፍሪካን የሻምፒዮኖች ዋንጫ አምስት ጊዜ ያነሣ፣ የአንድ ተጫዋቹ ዋጋ የብዙ ኢትዮጵያ ክለቦችን ዓመታዊ በጀት የሚያስንቅ ክለብ ነው። የሶዶ ሜዳ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ካፍ፣ ለአህጉራዊ ጨዋታ የሚጠይቀውን መስፈርት ስላላሟላ የባለሜዳው ጨዋታ ሐዋሳ ላይ ተደረገ፤ አሰልጣኝ ዘላለም ሽፈራው የመራው ድቻም በየካቲት መጨረሻ 2 ለ 1 አሸነፈ። በመጋቢት በግብፅ ምድር በተደረገው መልስ ዛማሌክ በተመሳሳይ ውጤት 2 ለ 1 ረታ። ድምሩ 3 ለ 3 ሆነ፤ በእኩል ድምር ከሜዳ ውጭ ብዙ ጎል ያገባ ያልፋል የሚለው ደንብም ሁለቱን መለየት አልቻለም፣ ሁለቱም በሰው ሜዳ አንድ አንድ አግብተዋልና። በካፍ የክለብ ውድድር የማጣሪያ ዙሮች ጭማሪ ሰዓት ስለማይሰጥ ነገሩ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ሄደ።

መለያ ምት ተጫዋችን ከቡድኑ ለይቶ ብቻውን የሚያቆም የጨዋታው ክፍል ነው። ከመሐል ሜዳ እስከ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ ያለው ርቀት 40 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ያን መንገድ ተጫዋቹ በእግሩ ሲሄድ ኳስ የለውም፣ የሚያቀብለውም ሰው የለም፣ ከሶዶ የመጣ ልጅ ከሆነ ደግሞ የሚጮህበትን ሕዝብ ቋንቋ አይሰማም። ኳሱን 11 ሜትር ላይ ያስቀምጣል፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ፉጨቱን ይጠብቃል። የወላይታ ድቻ ልጆች ይህን መንገድ እየተመላለሱ 4 ለ 3 አሸንፈው ዛማሌክን ከውድድሩ አስወጡ። በቀጣዩ ዙር የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በዳሬሰላም 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ድቻ በሐዋሳ 1 ለ 0 መልሶ፣ በድምር 2 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ፤ ያን ቢያልፍ ኖሮ ወደ ምድብ ድልድል ይገባ ነበር።

ለተጫዋች ሙያ የዚህ ጉዞ ዋጋ ከዋንጫው ይበልጥ በገበያው ነው። በኢትዮጵያ ሊግ ብቻ የሚጫወትን ልጅ የውጭ ክለብ መልማይ የሚያይበት አጋጣሚ ጠባብ ሲሆን፣ ዛማሌክን በጣለ ቡድን ውስጥ 90 ደቂቃ የተሰለፈ ተጫዋች ግን ምስሉ ካይሮም ዳሬሰላምም ይታያል። ድቻ ራሱም ከውጭ ተጫዋች ያመጣ ነበር፤ ቶጓዊው አጥቂ ጃኮ አራፋት የዚያ ዘመን ቡድን አባል ነበር። ከአገር ልጆች መካከል አማካዩ በዛብህ መለዮ ከድቻ ወደ ፋሲል ከነማ፣ የመስመር አጥቂው ቸርነት ጉግሳ ደግሞ በድቻ ማሊያ ጎልቶ ከወጣ በኋላ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተዛውረዋል። ሁለቱም ዝውውሮች የአንድ የዞን ክለብ ተጫዋች ደረጃ በደረጃ የሚወጣበትን መሰላል ያሳያሉ፤ ከሰፈር ወደ ዞን ክለብ፣ ከዞን ክለብ ዋንጫ ወደሚያነሣ ክለብ፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ቡድንና ወደ ውጭ። ሰላዲን ሰይድ፣ ሽመልስ በቀለና ጌታነህ ከበደ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ የደረሱትም ይህንኑ የመሰለ መሰላል ወጥተው ነው።

በዚህ መሰላል የታችኛውን ደረጃ የሠራው ግን ብዙ ጊዜ ምንም አያገኝም። ፊፋ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠኑት ክለቦች የማሠልጠኛ ካሣ እንዲያገኙ፣ ከዝውውር ዋጋውም 5 በመቶ እንዲከፋፈሉ የሚያደርግ ሥርዓት አለው። 5 በመቶው የሚገኘው ግን የዝውውር ዋጋ ሲኖር ነው፤ ሁለቱም የሚደርሱት ደግሞ ክለቡ የተመዘገበ ሲሆን ነው። በአገር ውስጥ ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ በነጻ ስለሚሄድ፣ አሳዳጊውም ብዙ ጊዜ በምዝገባ የማይታወቅ የቀበሌ ፕሮጀክት ስለሆነ፣ በዞኑ ባሉት በቦዲቲ ወይም በአረካ ሜዳ ላይ ልጁን አሥር ዓመት ያለማመደው አሰልጣኝ የሚያገኘው ምስጋና፣ ቢበዛም አሮጌ ማሊያ ነው። ይህ በእርግጥ በወላይታ ብቻ የሚታይ ችግር አይደለም፤ ነገር ግን ተጫዋች የሚያፈራ ዞን ከሌላው ይበልጥ ሊከራከርበት የሚገባ ነው።

የሙያው መልክ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሌላ መንገድም ተለውጧል። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የራሳቸውን አክሲዮን ማኅበር አቋቁመው የቴሌቪዥን መብቱን ለሱፐር ስፖርት ከሸጡ በኋላ፣ ጨዋታዎቹ በየክለቡ ከተማ መደረጋቸው ቀርቶ ሁሉም ክለብ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ለሳምንታት የሚጫወትበት ሥርዓት መጣ፤ በመጀመሪያው ዓመት ውድድሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተዘዋውሯል። ሶዶ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። ለካሜራ የሚመች፣ ወጪ የሚቀንስ፣ ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዘመን ጥንቃቄ ጋርም የሚስማማ አሠራር ነበር። የተጫዋቹ ኑሮ ግን የሆቴል ኑሮ ሆነ፤ ጠዋት ልምምድ፣ ቀን ዕረፍት፣ ማታ የጓደኛን ጨዋታ በዚያው ከተማ ማየት፣ ሚስትና ልጅን በስልክ ማነጋገር። በሶዶ ያለው ደጋፊም የራሱን ቡድን እንደ እንግሊዝ ክለብ በቴሌቪዥን የሚከታተል ሆነ። የወላይታ ድቻ ተጫዋች በወላይታ ሕዝብ ፊት ሳይጫወት የውል ዘመኑን ሊፈጽም ይችላል ማለት ከስፖርቱ ጠባይ ጋር የሚጋጭ ነገር ነው፤ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ያን ጉድለት አይሞላም።

ሙያው የሚያልቅበት መንገድ ደግሞ ከሚጀምርበት ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ለአንዱ ጉልበት ነው፤ በክለብ ቤት ለሕክምና ባለሙያው የሚሰጠው ስም «ወጌሻ» ሲሆን፣ ስሙ ከጥንቱ አጥንት ጠጋኝ የተወረሰ ነው፤ ወጌሻው በሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚትን በበረዶና በፋሻ ያስታግሳል፣ የተቆረጠ የጉልበት ጅማት ግን ቀዶ ሕክምናና የብዙ ወራት ማገገሚያ ይጠይቃል። የአንድ ዓመት ውል ያለው ተጫዋች ጅማቱ በጥር ቢቆረጥ፣ ውሉ በሰኔ ሲያልቅ እርሱ ገና በክራንች ላይ ነው። ለሌላው ዕድሜ ነው፣ ለሌላው የአሰልጣኝ መለወጥ። ከአሜሪካኖቹ ጋር ማነጻጸር እዚህም ይረዳል፤ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ማኅበር የአባላቱን አማካይ የሙያ ዘመን ከሦስት ዓመት ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው ይላል፣ እንደ ቶኒ ጎንዛሌዝ 17 ዓመት የተጫወተ ታይት ኤንድም የታወቀው ስለ ብርቅነቱ ጭምር ነው። ነገር ግን በዚያ ሊግ ሦስት የአገልግሎት ዘመን የሞላ ተጫዋች ጡረታ ይጠበቅለታል፤ ይህም የተገኘው በተጫዋቾቹ ማኅበርና በክለብ ባለቤቶች መካከል በሚደረግ የኅብረት ስምምነት እንጂ በባለቤቶቹ ቸርነት አይደለም።

በወላይታ ከሜዳ የወረደ ተጫዋች በብዛት የሚሄደው ወደ አሰልጣኝነት ነው። ካፍ ከዲ ጀምሮ ወደ ሲ፣ ቢ እና ኤ የሚያድግ የአሰልጣኞች ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ በጊዜ የጀመረ ሰው ተስፋ ቡድን ወይም ዝቅተኛ ሊግ ማሠልጠን ይችላል፤ ለዚህም የሚፈለገው ትምህርት ገና በሚጫወትበት ዘመን ቢጀመር ይበጃል። የቀረው ንግድ ይከፍታል፣ ባጃጅ ይገዛል፣ ወይም የፊርማ ገንዘቡን አስቀድሞ ቤት ስላሠራበት በኪራይ ይኖራል። ከሁሉ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ያልተከፈለው ደመወዝ ያለው ነው። የደመወዝ መዘግየት በኢትዮጵያ ክለቦች እንግዳ ነገር አይደለም፤ በፊፋ ደንብ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ እንደሚችል የተጻፈውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አቤቱታ ሰሚ ዘንድ የቀረበ ተጫዋች ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፈረመውን ወረቀት ነው፤ በቃል የተነገረ ተስፋ፣ በስልክ የተባለ «እንጨምርልሃለን» ሁሉ እዚያ ቦታ የለውም።

ስለዚህ በሶዶ፣ በአረካ፣ በቦዲቲ ወይም በሁምቦ ያለ ወላጅ ልጁ ሊፈርም ወደ ክለብ ጽሕፈት ቤት በሚሄድበት ቀን አብሮ ይሂድ፤ የውሉን ዘመን፣ የደመወዙን መጠን፣ በጉዳት ጊዜ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ያንብብ፣ ማንበብ ባይችል የሚያነብለት ሰው ይዞ ይግባ፣ ማኅተም ያረፈበትን አንድ ቅጂ ሳይቀበልም ከዚያ ቢሮ አይውጣ።